ሥራዬ በፈረቃ ነው፤ የጸሎትና የጾም ሥርዓት እንዴት ይያዛል? "ይበቃኛል" ማለትስ እንዴት ይለመዳል?

ቦርከና ዳር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሦስት ፈረቃ የምሠራ ነኝ፤ አንዱ ሳምንት ከጥዋቱ 12 እስከ 8፣ ሌላው ከ8 እስከ ማታ 4፣ ሦስተኛው ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት። ጸሎት እይዛለሁ፤ ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር ይፈርስብኛል። ረቡዕና ዓርብ የሌሊት ተራዬ ሲሆን ደግሞ ከመቼ ጀምሮ እስከ መቼ እንደምጾም ይምታታብኛል።

ሌላው የልብ ነገር ነው። ደመወዜ እንደ ምንም ከወር ወር ያደርሰኛል፣ ጤናም አለኝ። ግን እገሌ ባጃጅ ገዛ፣ እገሌ ቤት ሠራ ሲባል ጸሎቱም ቅዳሴውም ከውስጤ ብን ብሎ ይጠፋል። "ጸልይ፣ ጹም፣ ታገሥ" የሚለውን ምክር ጠግቤዋለሁ፤ የቸገረኝ እንዴት የሚለው ነው። ጠንቅቃችሁ የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዘላስታ፦

ወንድማችን፣ ከሚፈርስበት ምክንያት እንጀምር። ጸሎት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ውዳሴ ማርያሙን፣ መልክአ ማርያሙን፣ መልክአ ኢየሱሱን፣ የዕለቱን ዳዊት ሁሉ በአንድ ቀን ይሸከማል። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ያሸንፈዋል። በአራተኛው "የትናንቱን ከዛሬው ጋር ላድርስ" ይላል። ሳምንት ሳይሞላ መጽሐፉን መግለጥ ራሱ ያስፈራዋል። ያመለጠ ጸሎት እንደ ዕዳ አይጠራቀምም፤ ያለፈውን "ይቅር በለኝ" ብለህ ትተህ የዛሬውን ያዝ። ይህን አንድ ነገር ያላወቀ ሰው ሌላው ሁሉ ቢነገረው ከወር አያልፍም።

ሁለተኛው ምክንያት የአንተ የራስህ ነው፦ ጸሎትህን በሰዓት አስረኸዋል፣ ሰዓትህ ደግሞ ይገለባበጣል። ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት የታወቁ ናቸው፤ ነግህ (ጥዋት)፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ (ማምሻ)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት)፣ መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት)። የሥራ ሰው ሰባቱንም በረጅሙ ይጸልያል ብሎ የሚጠብቅበት አባት የለም። እንግዲህ ሁለት ጸሎት ሙሉ አድርገህ ያዝ፤ አንዱን ከእንቅልፍ ስትነሣ፣ ሌላውን ልትተኛ ስትል። ፈረቃ ቢቀያየርም መተኛትና መነሣት አይቀርም። በሌሊት ፈረቃ ሳምንት የምትነሣው ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ ነግህህ እሱ ነው ብለህ ጀምር። የቀሩትን አምስቱን በአጭሩ ታስባቸዋለህ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የመነሻውን ጸሎት እንዲህ አድርገው። ፊትህን ታጠብ፣ ነጠላ ካለህ መስቀለኛ አጣፋ፣ ወደ ምሥራቅ ቁም። ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ አማትብና "በስመ አብ" በል። ከዚያ የዘወትር ጸሎቱን መጽሐፉ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል አድርስ፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት እዚያው ውስጥ አሉ። ቀጥሎ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። በሰባት ቀን የተከፈለ ስለሆነ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ እያልክ ትሄዳለህ፤ እሑድ አንቀጸ ብርሃን ይጨመራል። መጨረሻ ላይ አንድ መዝሙር ከዳዊት። ይኸው ነው። ከሩብ ሰዓት እምብዛም አያልፍም።

የመኝታው ከዚህም ያነሰ ይሁን፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ገብርኤል፣ አንድ አጭር መዝሙር፣ ከዚያ የቀኑን በደል አስበህ "ይቅር በለኝ" ማለት። ደክሞህ አልጋ ላይ ሆነህ አትጀምረው፤ ሳትጨርስ ትተኛለህ። ቆመህ አድርሰህ ተኛ።

ስለ ዳዊት ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እሱ ላይ ነው። የሳምንቱ አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ያ ለለመደ ሰው ነው። ጀማሪ በቀን አንዱን መዝሙር ቢይዝ 150ውን በ5 ወር ይዘልቀዋል። መዝሙር 118 ላይ ስትደርስ አትደንግጥ፤ 176 ቁጥር አለው፣ ግን በ22 ክፍል ተከፍሎ አሌፍ፣ ቤት እያለ ይሄዳል፤ አንዱ ክፍል 8 ቁጥር ብቻ ነው። በቀን ሁለት ክፍል ብትል በ11 ቀን ታልፈዋለህ። ግዕዙን የማትሰማ ከሆነ አማርኛውን ድገም። ግዕዙን በዜማ ማነብነቡ ደስ ይላል፤ ምን እንደለመንክ ሳታውቅ መነሣት ግን ቶሎ ያሰለቻል፣ ሲሰለችህም "ጸሎት አይሆነኝም" ወደማለት ትሄዳለህ።

በስልክ የምትጸልይ ከሆነ ዳታውን አጥፋ። መዝሙሩ መሐል ላይ መልእክት ሲገባ ጣትህ ይቀድምሃል።

አሁን አምስቱ አጭር ጊዜያት። 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት የወረደበት፣ 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት፣ ሠርክ የተቀበረበት ነው፤ መንፈቀ ሌሊት ልደቱና ትንሣኤው ይታሰብበታል። ሥራ ላይ ሆነህ ሰዓቱ ሲደርስ ያንን አስበህ በልብህ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ሦስቴ በል፤ ከመሥመርህ መውጣት አያስፈልግህም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ በ9 ሰዓት ሲጸልይ መልአክ የታየው ቆርኔሌዎስ መቶ አለቃ ነበር፤ ሥራ ያለው፣ ሠራዊት የሚያዝ ሰው። አባ እንጦንስም በበረሃ ተሰላችቶ ሳለ ያየው አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲታታ ነው።

መቁጠሪያህን ማሽን አጠገብ አትያዝ። ክር ነው፤ የሚሽከረከር ነገር ከነጣትህ ይስበዋል። ባለ 41ም ሆነ ባለ 64 መቁጠሪያህን ከፋብሪካው በር እስከ ቤትህ ስትሄድ አውጣው። 41 እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ሳትሮጥ ብትለው ከመንገዱ ግማሽ አያልፍም።

ስግደት የምትጨምር ከሆነ በቁጥር አትጀምር፣ ንስሐ አባትህን ጠይቅ። ቅዳሜና እሑድ፣ በጌታ በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት፣ ከቆረቡም በኋላ የንስሐ ስግደት የለም። ይህን ሳያውቁ በእሑድ የሚሰግዱ ብዙ ናቸው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ልጄ፣ ጸሎቱን ዘላስታ ጨርሶታል። እኔ ያቺን የባጃጅ ነገር ልያዛት።

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ያለኝ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ ሲል እስር ላይ ሆኖ ነው የጻፈው። ከተማረው ልምምድ አለው ማለት ነው፤ ልብህ አንድ ቀን በራሱ ይረካልና ጠብቅ ያለህ ካለ አትስማው። እኔ የማውቀው ልምምድ አራት አምስት ነገር ነው።

አንደኛው ምስጋናን በዝርዝር ማድረግ። "ተመስገን" ማለት እንደ ሰላምታ ሆኖብናል፤ አፍ ይለዋል፣ ልብ አይሰማውም። በቅዳሴው የምስጋና ጸሎት ካህኑ የሚለውን ታውቀዋለህ፤ ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ አቀረበን፣ ወደ እርሱ ተቀበለን፣ አጸናን፣ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን። ማታ ልትተኛ ስትል እነዚህን አንድ በአንድ ያዝና ከዛሬው ቀን አንድ አንድ ነገር አስገባባቸው። ከምን ሰወረኝ? ዛሬ ማሽኑ ሲበላሽ አጠገቡ አልነበርኩም። በማን እጅ ረዳኝ? እገሌ ተራዬን ያዘልኝ። ከምን ጠበቀኝ? ልናገረው የነበረውን ክፉ ቃል ዋጥኩት። ባዶ የሚሆንብህ ቃል ካለ አትፈብርክለት፤ "አላስተዋልኩም" በልና እለፍ፣ ነገ ታስተውለዋለህ። ሰው ላይ ቅናት የሚበረታው የራሱ ቀን ምን እንደያዘ ሳያይ ሲተኛ ነው።

ሁለተኛው ቅናቱን በስሙ መጥራት። ዘጸአት 20 ቁጥር 17 የባልንጀራህን ቤት፣ በሬውን፣ አህያውን አትመኝ ይላል። ሁሉም የጎረቤት ንብረት ነው፤ የሩቅ ሰው ሀብት ማንንም አያንገበግብም። ዛሬ በሬውና አህያው ባጃጅ ሆነዋል፣ ሌላ ነገር የለም። ያ ባጃጅ የገዛው ልጅ የክርስትና ስሙ ማን ነው? ጠይቅና በመኝታ ጸሎትህ ላይ "አቤቱ፣ ገብረ እንትናን ከአደጋ ጠብቀው፣ ሥራውን ባርክለት" በል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍህ ብቻ ነው የሚለው፣ ልብህ ያጉረመርማል። አታቋርጥ። በመንገድ ስታገኘው ደግሞ ቀድመህ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ለአገልግሎት ያብቃህ" በለው። ምርቃት ከአፍህ ከወጣ በኋላ በዚያው አፍ ማማት ይከብዳል። ቅናቱ ከሰነበተ ግን ለብቻህ አትታገለው፤ ለንስሐ አባትህ ተናዘዘው።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። አሥራት ደመወዝ እጅህ በገባበት ሰዓት ይነሣል። 7,500 ብር ከሆነ 750ውን መጀመሪያ አውጣ፤ ወሩ ሲያልቅ ከሚተርፈው እሰጣለሁ ያለ ሰው ሰጥቶ አያውቅም፣ አይተርፍምና። በደብርህ ሰበካ ጉባኤ በደረሰኝ ክፈል። በአንዴ አንድ አሥረኛውን ማውጣት ካቃተህ ለንስሐ አባትህ ነግረህ ከምትችለው ጀምር፤ በስውር ቀንሶ መተው ግን ልብ ውስጥ ሌላ ሰበብ ይተክላል። ለነዳያን የምትሰጠው ከዚህ ውጭ ነው፤ ኪስህ ውስጥ ለብቻው ዝርዝር ይኑርህ፣ አለበለዚያ በራፍ ላይ 100 ብር ይዘህ "እግዚአብሔር ይስጥልን" ብለህ ታልፋለህ።

በተረፈችው ላይ አንድ ሕግ አድርግ፦ ምግብ፣ ልብስ፣ ቤት ኪራይ፣ መድኃኒት ያልሆነ ነገር ሲያምርህ እስከሚቀጥለው ደመወዝ አቆየው። አብዛኛው ምኞት ወር አይሻገርም። ዕቁብ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሦስት ዕቁብ ውስጥ ገብቶ በየሳምንቱ የሚበደር ሰው ግን ያለው እንዴት ይበቃዋል? አንድ ይበቃሃል፣ መጠኑም አሥራቱንና ቀለቡን ሳይነካ የሚከፈል ይሁን። ቲክቶክ ላይ ሰው ቤቱን ሲያስመርቅ እያዩ መተኛትም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ከመኝታ ጸሎት በኋላ ስልክ አይከፈትም።

አራተኛው ቡናው። በእኛ አገር ቡና ያለ ምርቃት አይጠጣም፣ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ችግሩ አቦሉ ላይ ተመርቆ ቶናው ላይ ሰው መታማቱ፣ በረካው ላይ ደግሞ የእገሌ ሀብት ከየት መጣ መባሉ ነው። አንተ እንግዳ ስለሆንክ ሰው መገሠጽ አይሆንልህም። የሰው ስም ሲነሣ "እግዜር ይርዳው" በልና ሌላ ጥያቄ ጠይቅ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው። ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረግክ አንተ ባለህበት ሐሜቱ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ሁለተኛውን ጠጥተህ ተመርቀህ ተነሥ።

ከወልድያ፦

የጾሙን ጥያቄ ማንም አልመለሰለት። ልሞክር።

ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት ሳይቆጠሩ፣ ልደትና ጥምቀትም ሲውሉባቸው ይበላል። ሰዓቱ በተለምዶ እስከ 9 ሰዓት ነው። ቀኑን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምረህ ያዘው። ወደ ፈረቃህ ስናመጣው እንዲህ ይሆናል።

ጥዋት ፈረቃ ቀላሉ ነው። ሳትበላ ትገባለህ፣ 8 ሰዓት ትወጣለህ፣ ቤት ደርሰህ እጅህን እስክትታጠብ 9 ሰዓት ይሆናል። የከሰዓቱ ተንኮለኛ ነው፤ ብዙ ሰው "ከገባሁ አልበላም" ብሎ 7 ሰዓት ላይ ይበላና ጾሙን ያፈርሳል። ምሳህን ይዘህ ግባ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ባለው ዕረፍት ብላ። የሌሊቱ ላይ የሚምታታው ማክሰኞ ማታ ስትገባ ነው። ከ4 ሰዓት በፊት ብላና ግባ፤ 6 ሰዓት ካለፈ ረቡዕ ገብቷልና አትብላ። ንጋት ላይ ወጥተህ ተኛ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተነሣ፣ ጸልይ፣ 9 ሰዓት ላይ ብላ። ብትደምረው በጣም የምትጾምበት ሰዓት በእንቅልፍ ያልፋል። ረቡዕ ማታ ስትገባ ደግሞ እስከ 6 ሰዓት ሌሊት ድረስ ጾም ላይ ነህ፤ ቋጠሮህ የጾም ይሁን።

ስንቅ ስንል ሽሮና ምስር እንጀራ ላይ ተጠቅልሎ፣ የሽንብራ ወይም የገብስ ቆሎ፣ ለማታው በሶ ይበቃል። ጾሙን ስትፈታ በርበሬ በበዛበት ወጥ አትጀምር፤ ባዶ ሆድ ያቃጥላል፣ በማግስቱም ጾምን ያስጠላል። ተልባ ወይም ቀጭን በሶ ጠጣ፣ ትንሽ ቆይተህ እንጀራውን ቀጥል። ዓሣን በተመለከተ፣ ሐይቅ አካባቢ በቀላሉ ስለሚገኝ ጥያቄው ይበዛል፤ አባቶች በጾም አይበላም ብለው ነው የሚያስተምሩት።

ሰው ልብ የማይለው ነገር ቡና ነው። በቀን ሦስቴ የሚጠጣ ሰው በዐቢይ ጾም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን የሚያመው ብዙ ጊዜ ከረሃቡ ይልቅ ቡናው ስለቀረበት ነው። ከዘወረደ (ከጾሙ መግቢያ እሑድ) በፊት ባለው ሳምንት ቀስ እያልክ ወደ አንድ ስኒ አውርደው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ማታ ልጹም ብሎ ጀምሮ ኒቆዲሞስ (ሰባተኛው ሳምንት) ሳይደርስ የሚዝል ሰው ብዙ ነው። 9 ሰዓት ላይ ጸንተህ ቆይ፣ በሰሙነ ሕማማት ትጨምራለህ።

ኮምቦልቻ ሙቀት አለ፣ አንተም ማሽን ላይ ነህ። ካዞረህ ተቀመጥ፣ ለአለቃህ ተናገር፤ ጣት አስቆርጦ የሚጾም ጾም የለም። ጨጓራ፣ ስኳር ወይም በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰው ከሐኪሙ የሰማውን ለንስሐ አባቱ ነግሮ በሚፈቅዱለት ልክ ይጹም። መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ድፍረት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በጾም ቀን የሰው ቁጣ ይጨምራል። ምክንያቱ ይታወቃል፣ ሆድ ባዶ ነው። ስለዚህ በረቡዕና በዓርብ ጠብ የሚያመጣ ጉዳይ አታንሣ፤ የተራ ጭቅጭቅ፣ የብድር ጥያቄ ካለህ ወደ ማግስቱ አሳድረው። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ዓይንም አንደበትም ጆሮም ይጹም ያለውን በዚህ መንገድ ነው መጀመር የሚቻለው።

የሐርቡ ልጅ፦

እኔ እስላም ነኝ፣ ሳልጠራ ገባሁ፣ አውፍ በሉኝ። አንድ ነገር ብቻ። ረቡዕና ዓርብ ጎረቤት ሰርግ ወይም ለቅሶ ስትሄድ ጾም መሆንህን ቀድመህ ተናገር። ባለቤት የሚያፍረው ትሪው ከቀረበ በኋላ "አልበላም" ስትለው ነው። ወሎ ውስጥ ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻ ማሰናዳት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሽሮና ምስር ማስቀረት ማንንም አያስቸግርም። ወጥ የምትሠራዋን ግን "ቅቤ በነካ ጭልፋ እንዳይጨለፍ" በላት፣ በጥድፊያ ይረሳል። እናንተም በረመዳን ፊታችን አትበሉም፣ ያው ነው። አብሽር።

አምባሰል፦

ይህ ሁሉ ዝርዝር ምን ያደርጋል? መስከረም 21 ግሸን ማርያም ውጣ፣ ግማደ መስቀሉ ያለበትን አምባ ተሳለም፣ ሸክምህን አራግፈህ ና። ተስለህ የምትሻውን ለምን።

ዘላስታ፦

ግሸን መውጣት ጸጋ ነው፣ ማን ይጠላል? ግን ከዓመት አንድ ቀን ነው። የቀሩት ቀናት ባዶ ከሆኑ በጥቅምት መጨረሻ ሰውዬው እዚያው የነበረበት ላይ ነው። ስእለቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ "ባጃጅ ከሰጠሽኝ ይህን አገባለሁ" የሚል ስእለት የጠያቂውን ችግር ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም። ተስሎ ከማይፈጽም ባይሳል ይሻላል ይላል መክብብ። የሚወጣ ሰው ከመውጣቱ በፊት ንስሐ ገብቶ፣ ለመመስገን ይውጣ።

ቦርከና ዳር፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ንስሐ አባት አሉኝ፤ ግን ለጠበል ጸዲቅ ወይም ቤት ለመርጨት ሲመጡ ካልሆነ አንገናኝም። ምን ብዬ ልጀምር? ሁለተኛ፣ በዚህ ፈረቃ መቁረብ ይቻላል ወይ?

ዘላስታ፦

ይቻላል። መጀመሪያ ንስሐው።

እሳቸውን ቤት ሲመጡ በሰው መሐል አትያዛቸው፤ ለንስሐ ጊዜ አይኖርም። ደብር ሄደህ ወይም ደውለህ "አባ፣ ንስሐ ልገባ እፈልጋለሁ፣ መቼ ይመቸዎታል?" በል። በስልክ ቀጠሮ ያዝ እንጂ አትናዘዝ። የምትናገረውን አስቀድመህ አስብ፤ "ኃጢአተኛ ነኝ አባ" ብሎ መጀመርና መጨረስ ካህኑን ምንም አያሳውቀውም። ምን እንዳደረግክ፣ ምን ያህል ጊዜ፣ አሁንም እየቀጠለ ይሁን አይሁን ተናገር። የሌላውን ሰው ጥፋት አትተርክ፤ ብዙ ኑዛዜ ወደ ክስ የሚዞረው እዚያ ላይ ነው። የሰው ገንዘብ ካለብህ ወይም የተጣላኸው ካለ ከመሄድህ በፊት መልስ፣ ታረቅ፤ ካልሆነልህ እሱንም ንገራቸው።

ቀኖና (ለንስሐህ የምትፈጽመውን ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት) ሲሰጡህ በፈረቃ እንደምትሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ንገራቸው። ካህኑ ይህን ካላወቀ የሚሰጥህ ቀኖና ለገበሬ ወይም ለተማሪ የሚሆን ነው። ከብዶህ ካቃተህ ተመልሰህ "አባ፣ አልቻልኩም" በል፤ ይለውጡልሃል። ዝም ብሎ መተውና ሌላ ካህን ፈልጎ እንደ አዲስ መጀመር ግን ልማድ ሆኗል፣ አይጠቅምም። ቀኖናህን ፈጽመህ ስትመለስ ነው "ይፍታህ" የሚሉህና ወደ ቁርባን የሚመሩህ።

ለቁርባን ከምግብም ከውኃም 18 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል። እሑድ ጥዋት 2 ሰዓት ላይ የሚቆረብበት ደብር ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀመስም ማለት ነው። ከፈረቃህ ጋር አስተያየው። የጥዋት ሳምንት ሲሆን ቅዳሜ 6 ሰዓት በምሳ ዕረፍት ደህና አድርገህ ብላ፣ ውኃ ጠጣ፤ 8 ሰዓት ስትወጣ አበቃ፤ ማታውን ታርፋለህ። ምርጡ ይህ ነው። የከሰዓት ሳምንት ከሆነ ከመግባትህ በፊት ትበላለህ፣ ግን እስከ ማታ 4 ያለ ውኃ መሥራት በሙቀት ይከብዳል፤ ከቻልክ ተራ ተለዋወጥ። በሌሊት ፈረቃ አትሞክረው። ንጋት 12 ወጥተህ በቀጥታ ብትሄድ ቅዳሴው ላይ እንቅልፍ ያንገላጅጅሃል።

ዐቢይ ጾም ላይ የሥራ ቀን ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሒሳቡ ይቀየራል። 9 ሰዓት ላይ የሚቆረብ ከሆነ ከዋዜማው ማታ 3 ሰዓት በፊት መብላት አለብህ፤ በጥዋት ፈረቃ ቀን 8 ሰዓት ወጥተህ ለመድረስ ትቸኩላለህ፣ ቅዳሴው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት መድረስ ይጠይቃል። ስለዚህ የዕረፍት ቀንህን ምረጥ።

የምትጀምርበትን ካሰብክ የጥዋት ፈረቃ ሳምንት ሰኞ ይሁን። የመጀመሪያውን ዙር፣ ሦስቱም ፈረቃ እስኪያልፍ፣ የመነሻና የመኝታ ጸሎቱን ብቻ ያዝ፤ ዳዊቱን በሁለተኛው ዙር ጨምር፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ። በመካከል ንስሐ አባትህ ሌላ ሥርዓት ከሰጡህ እኔ የጻፍኩትን ተወውና የእሳቸውን ያዝ፤ ሁለቱን አትደባልቅ።